የማን ገላ፣ ለማን ዓይን

ስለ ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ሲወራ ደጋግሞ የሚሰማ ፍርድ አለ። «ሠዓሊዎቹ የሰው አካል መሣል አይችሉም ነበር፤ ዓይኑ ይገዝፋል፣ እጁ ከክንዱ አይመጣጠንም፣ እግሩ መሬት የረገጠ አይመስልም» ይባላል። ስለ ግብፅ የመቃብር ግድግዳዎችም፣ ስለ ምዕራብ አፍሪካ የእንጨት ቅርፆችም የሚባለው ያው ነው። ከፍርዱ ጀርባ ያለው እምነት፣ ጥበብ እንደ ሕፃን ከመዳህ ተነሥቶ፣ አድጎ አድጎ በ16ኛው መቶ ዘመን ፍሎረንስ ላይ ጎለመሰ የሚል ነው። እኔ ይህን አልቀበለውም። የማልቀበለው ለአገር ስለምቆረቆር ብቻ አይደለም፤ ማስረጃው ራሱ ስለማይደግፈው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ማስረጃውን ከናይጄሪያ እንጀምር። በ1938 በኢፌ ከተማ፣ ከንጉሡ ቤተ መንግሥት ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ለቤት መሠረት ሲቆፈር፣ ከመዳብ ቅልቅል ተቀልጠው የተሠሩ የሰው ራሶች ወጡ። አብዛኞቹ ልክ የሰው ራስ ያህላሉ። ከንፈራቸው ሥጋ ያለው፣ የዓይናቸው ቆብ አሁን የሚከደን ይመስላል። በብዙዎቹ ፊት ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ፣ እጅግ የቀጠኑ መስመሮች ተሰምረዋል፤ መስመሩ ጉንጩን ተከትሎ ሲታጠፍ የጉንጩ ሙላት ይበልጥ ይታወቃል። በፀጉራቸው ዳር ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ ዘውድ ወይም ሌላ ጌጥ ይታሰርባቸው እንደነበር ይገመታል። የተሠሩት ከ12ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ነው። ከዚህ ግኝት 28 ዓመት አስቀድሞ ሊዮ ፍሮቤኒዩስ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ የኢፌን ቅርፆች አይቶ፣ ይህን የመሰለ ሥራ የአፍሪካውያን ሊሆን አይችልም፤ በጥንት ዘመን በዚያ የሰፈሩ ግሪኮች፣ የጠፋችው የአትላንቲስ ቅሪት ነው ብሎ ነበር።

እዚያው ኢፌ፣ በዚያው ዘመን፣ ከራስ እስከ እግር የተሠሩ ምስሎችም አሉ። በ1957 ኢታ የሞ በተባለ ቦታ የተገኘው የንጉሥ ምስል አንዱ ነው። የዚህ ንጉሥ ራስ የቁመቱን ሩብ ያህላል። በሕያው ሰው ግን ራስ ከቁመቱ አንድ ሰባተኛ ገደማ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። ራስን ብቻውን ሲሠራ የአጥንቱን አቀማመጥ ሳይቀር የሚያውቅ እጅ፣ ሙሉ አካል ሲሠራ ልኩ ጠፋበት ማለት አይቻልም። ለዮሩባ ሕዝብ ራስ፣ በእነሱ አጠራር ኦሪ፣ የሰው ዕጣ የሚያድርበት ነው። ስለዚህ ተለቀ። ቀራፂው የሚያከብረውን መረጠ እንጂ አልተሳሳተም።

የሰው አካል በጥበብ ታሪክ ውስጥ ሲዳሰስ «ምን ያህል ይመስላል?» ከማለት በፊት የሚጠየቁ ሁለት ነገሮች አሉ። የተሣለው የማን ገላ ነው? የተሣለውስ ማን እንዲያየው ነው? መምሰል አለመምሰሉ ከእነዚህ መልስ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከታወቁት እጅግ የቆዩት ምስሎች ራሳቸው ይህን ያሳያሉ። ጀርመን ውስጥ ሆሌ ፌልስ በተባለ ዋሻ በ2008 የተገኘችው ከማሞት ጥርስ የተጠረበች ሴት ቢያንስ 35,000 ዓመት ሆኗታል፤ ቁመቷ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጡቷና ዳሌዋ በጥንቃቄ ተሠርቷል፤ ራስ ግን የላትም፤ በራስ ቦታ ትንሽ ቀለበት አለ። ክር ገብቶበት ትንጠለጠል እንደነበር ይገመታል። በ1908 ኦስትሪያ ውስጥ ቪለንዶርፍ ላይ የተገኘችው 11 ሳንቲ ሜትር የምትሆን የድንጋይ ምስልም ፊት የላትም፤ ራሷን የሸፈነው የተጎነጎነ ፀጉር ወይም ቆብ ነው። ሁለቱም በእጅ መዳፍ የሚያዙ ናቸው። የፈረንሳዩ ላስኮ ዋሻ ደግሞ ኮርማና ፈረስ የሚጋልቡበት ይመስላል፤ የእንስሳቱ ትንፋሽ የሚሰማ ነው። በዚያ ሁሉ መካከል ያለው ሰው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጥቂት መስመር የተጣለበት፣ የወፍ ራስ ያለው። ጎሽን እንዲያ አድርጎ የሣለ እጅ ሰውን ለመሣል አልቸገረውም። ሰውን እንደ ጎሽ አድርጎ መሣል አልፈለገም፤ ወይም አልተገባውም።

ወደ ግብፅ ስንመጣ አካል ሕግ ይወጣለታል። ሠዓሊው ሥራውን የሚጀምረው በክር ነው። ክሩ በቀይ ቀለም ይነከራል፤ በተለሰነው ግድግዳ ላይ ተወጥሮ ሲለቀቅ ቀይ መስመር ያትማል። በቁምና በአግድም እየታተመ ግድግዳው በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይሞላል። የቆመ ሰው ከእግሩ ጫማ እስከ ፀጉሩ መነሻ 18 አራት ማዕዘን ነው፤ ጉልበቱ ስድስተኛው መስመር ላይ፣ ክርኑ አሥራ ሁለተኛው አካባቢ፣ የአንገቱ ሥር አሥራ ስድስተኛው ላይ ይውላል። የተቀመጠ ሰው 14 ነው። ራስ በጎን፣ ዓይን ፊት ለፊት፣ ትከሻ ፊት ለፊት፣ እግር ደግሞ እንደገና በጎን። ሁለቱም እግሮች አብዛኛውን ጊዜ አውራ ጣታቸውን ወደ ተመልካቹ ያዞራሉ፤ ማንም ሰው እንዲህ ሆኖ ሊቆም አይችልም። ግን ይህ ምስል በመጀመሪያ ደረጃ ሕያዋን ቆመው እንዲያደንቁት አልተሠራም።  ሥራው ሟቹ በሚመጣው ዓለም የሚያስፈልገውን አካል ሙሉ አድርጎ መያዝ ነው፤ አንድም ነገር ከሌላው ጀርባ ተደብቆ መቅረት የለበትም።

ይህ ምርጫ እንጂ አለማወቅ እንዳልሆነ የሚነግሩን ሴት ሙዚቀኞች ናቸው። ኔባሙን ከተባለ የእህል ጸሐፊ መቃብር የተወሰደ፣ ዛሬ በለንደኑ የብሪቲሽ ሙዚየም ያለ የግድግዳ ሥዕል አለ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1350 ገደማ የተሣለ ነው። የግብዣ ሥዕል ነው። እንግዶቹ በሥርዓቱ መሠረት በጎን ተቀምጠዋል። ከታች መሬት ላይ ከተቀመጡት ሙዚቀኞች ሁለቱ ግን ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ አዙረዋል፤ የእግራቸው ጫማ ሳይቀር ይታያል፣ ፀጉራቸው ተበትኗል። ሠዓሊው ሰውን ፊት ለፊት መሣል ይችል ነበር። ለጌታው አልፈቀደውም፤ ለአዝማሪዎቹ ግን ፈቀደው። የሕጉ ጥብቅነት የክብር ምልክት ነበረ።

አኬናተን የተባለው ንጉሥ በ14ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ሃይማኖቱን ሲለውጥ የአካሉንም አሣሣል ለወጠ። ፊቱ ረዘመ፣ ሆዱ ወረደ፣ ጭኑ ሰፋ። ሐኪሞች ከሥዕሉ ተነሥተው ለንጉሡ በሽታ ሲያወጡለት ኖረዋል፤ እኔ ግን ከሕመም ይልቅ ሃይማኖቱ የጠየቀው መልክ ነው ባዮቹ ይበልጥ ያሳምኑኛል። ከእሱ ከተማ ከአማርና፣ ከቀራፂው ከቱትሞስ ሥራ ቤት በ1912 የተገኘው የሚስቱ የነፈርቲቲ ራስ ዛሬም በርሊን ነው።

የግሪክ ቀራፂዎች ከግብፅ ተምረው ነው የጀመሩት። በ600 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠሩት የወጣት ወንድ ሐውልቶቻቸው ክንዳቸውን ከጎናቸው አጣብቀው፣ ግራ እግራቸውን ወደፊት አድርገው እንደ ፈርዖን ይቆማሉ። ልዩነቱ ልብሱ ነው፤ ግሪኩ ራቁቱን ነው። በስፖርት ሜዳቸው ወንዶች ራቁታቸውን ይሮጡና ይታገሉ ነበርና፣ የነፃ ወንድ ዜጋ ገላ ለዓይን የተፈቀደ፣ እንዲያውም የከተማይቱ ኩራት ነበረ። የሴት ገላ ግን ያን ያህል አልተፈቀደም፤ ፕራክሲተሌስ በ350 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ለክኒዶስ ከተማ አፍሮዳይትን ራቁቷን እስኪቀርፃት ድረስ የሴት አማልክት ትላልቅ ሐውልቶች ለባሾች ነበሩ።

ፖሊክሌይቶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጦር የያዘ ወጣት ከነሐስ ሠራ፤ ከዚያም የልኩን ምሥጢር «ካኖን» በተባለ መጽሐፍ ጻፈ። ነሐሱም መጽሐፉም ጠፍተዋል። የደረሱን ሮማውያን በእብነ በረድ የቀዱት ቅጂዎችና ሐኪሙ ጋሌን በጽሑፉ የጠቀሰው ፍሬ ሐሳብ ናቸው፤ ውበት ያለው በክፍሎች መመጣጠን ነው፤ ጣት ከጣት፣ ጣቶች ሁሉ ከመዳፍ፣ መዳፍ ከክንድ። ወጣቱ ክብደቱን በቀኝ እግሩ ጥሎ ግራውን አላልቷል። በዚህ የተነሣ ዳሌው ወደ አንድ ወገን፣ ትከሻው ወደ ሌላው ያዘነብላል። ይህ ቀላል የሚመስል ለውጥ ድንጋዩን ሕያው አደረገው። ይሁን እንጂ ይህም ቢሆን የማንም የተወሰነ ሰው ገላ አይደለም። በቁጥር የተሠራ ነው፤ ግብፃዊው 18 አራት ማዕዘን እንደነበረው ግሪኩም ቁጥር ነበረው።

ስለ ግሪክ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በ1764 ዮሐን ቪንከልማን የጥንታዊ ጥበብ ታሪኩን ሲያሳትም ነጭ እብነ በረድን የውበት ልክ አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ የተቀመጠው ነጭ የኖራ ቅጂ የሰው ልጅ ገላ ቁንጮ ሆኖ ታየ። ጥንት ግን ሐውልቶቹ ቀለም የተቀቡ ነበሩ። በነሐሱ ላይ ደግሞ ሌላ ጥበብ ነበር። በነሐሴ 1972 በደቡብ ጣሊያን ሪያቼ የባሕር ዳርቻ ከውኃ የወጡት ሁለት ተዋጊዎች ከንፈራቸውና የጡታቸው ጫፍ ከቀይ መዳብ ነው፤ የአንደኛው ጥርስ ብር ነው፤ ዓይኖቻቸው ለብቻቸው ተሠርተው የገቡ ናቸው። ነጩ ገላ የ18ኛው መቶ ዘመን ምኞት ነው። ያ ምኞት በኋላ የሰዎችን ቆዳ ለመመዘን መዋሉ ጉዳዩን የሙዚየም ጉዳይ ብቻ አያደርገውም።

ከሜዲትራኒያን ባሕር ማዶ መንገዱ ሌላ ነው። የቡድሃ ምስል በሰው አካል መሠራት የጀመረው በ1ኛው መቶ ዘመን ገደማ በጋንዳራና በማቱራ ነው፤ ከዚያ በፊት መኖሩ የሚታወቀው በእግር አሻራ፣ በባዶ ዙፋን ወይም በዛፍ ነበር። በደቡብ ሕንድ የቾላ ነገሥታት ዘመን ቀራፂዎች አራት ክንድ ያለውን የሺቫን ጭፈራ በነሐስ ሲያፈሱ፣ ክንዶቹ ከአንድ ትከሻ በቀሉ ብሎ ዓይን እስኪቀበል ድረስ አሳምነዋል። በቻይና በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው ጉ ካይዢ የሰው መልክ ሥሎ ዓይኑ ላይ ብሌን ሳያስገባ ለዓመታት ያቆይ ነበር ይባላል፤ የእጅ የእግር ማማርና አለማማር ቁም ነገር አይደለም፣ መንፈስ የሚተላለፈው በዓይን ነው ባይ ነበር። ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ አሳቡ ወደ ራሱ ሥዕል መሄዱ አይቀርም።

በእኛ አገር የሰው አካል በድንጋይ መቀረፅ ከክርስትና ይቀድማል። አክሱም አጠገብ ከሐውልቲ የወጣችው የተቀመጠች ሴት ምስል ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው ሺህ ዓመት የተሠራች ናት፤ እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው፣ ልብሷ በሽንሽን ተቀርጿል፣ አንገቷ ላይ ጌጥ አለ። በኮንሶ ደግሞ ለጀግኖች መቃብር የሚቆሙት የእንጨት «ዋካ» ምስሎች ሟቹን ከሚስቶቹና ከገደላቸው ጋር በሰልፍ ያቆማሉ፤ አካሉ ግንድ ነው፣ የሰውዬውን ማንነት የሚናገረው በግንባሩ ላይ ያለው ምልክትና የቆመበት ቦታ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ግን የራሱ ሰዋስው አለው። ቅዱሳን በሁለት ዓይናቸው ይታያሉ፤ ከሃዲ፣ ወታደር፣ ዲዮቅልጥያኖስ፣ ሰይጣን በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ ይሰጣቸዋል። ከግብፁ ጋር ስናስተያየው ሥርዓቱ ተገልብጧል፤ እዚያ ለአዝማሪ የተተወው ፊት ለፊት መሆን እዚህ የጻድቅ ነው። ምክንያቱ ሥዕሉ የተሠራው ለሚጸልይ ሰው መሆኑ ነው። ምእመኑ ቅዱሱን ያያል፤ ቅዱሱም ምእመኑን ማየት አለበት። ሁለት ዓይን የሌለው ልመና አይሰማም፤ ኃጢአተኛውም በአንድ ዓይኑ ወደ ሌላ ስለሚያይ ምእመኑን አይዘውም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከ1434 እስከ 1468፣ የእመቤታችን ሥዕል ክብር ከፍ ሲል ፍሬ ጽዮን የተባለው መነኩሴ ሠዓሊ የሠራው ሥዕል ጣና ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል፤ ረዘም ያሉት ጣቶች፣ ዘንበል ያለው የእመቤታችን አንገት፣ በልኩ የተደረደረው የልብሷ እጥፋት ገላን ሳይገልጡ ርኅራኄን ይገልጣሉ። ይህን ሥዕል «አካል የማያውቅ እጅ» ብሎ ማለፍ ለእኔ ዓይንን መጨፈን ነው።

ሠዓሊዎቻችን የውጭውን አሣሣል ሳያዩት ቀርተውም አይደለም። የቬኒሱ ኒኮሎ ብራንካሌዎን በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ መጥቶ ለአሥርት ዓመታት እዚሁ ሠርቷል። ኢየሱሳውያን ሮም ውስጥ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጂ ሲያመጡ፣ የእጇ መሻገር፣ የዘረጋቻቸው ሁለት ጣቶችና የያዘችው መሐረብ በኢትዮጵያ ሥዕል ጸንቶ ቀረ። በ1590 እና 91 ሮም ላይ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎች ጎንደር ደርሰው ተቀድተዋል። ሠዓሊዎቻችን የሚፈልጉትን ወሰዱ፣ የማይፈልጉትን ተዉ። የሰውነት ጥላና ብርሃን ወስደዋል፤ በኋለኛው የጎንደር ዘመን የፊት ጉንጭ በቀይ ጥላ ይሞላል። ርቀትን በልክ የማሳነስ ዘዴን ግን አልወሰዱም፤ ትልቁ ቅዱሱ ነው እንጂ ለዓይን የቀረበው አይደለም። በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። አገር የምትገዛ ሴት በዚያ ግድግዳ ላይ ትንሽ ናት።

አካል በእኛ ሥዕል ውስጥ ታሪክ የሚጻፍበት ቦታም ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ልብስ የላቸውም፤ መላ ሰውነታቸውን የሸፈነው ጠጉር ነው፣ አንበሳና ነብር ከበዋቸዋል፣ ወፍ ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው ይጸልያሉ፤ የተቆረጠችው እግር ከጎናቸው፣ ክንፎቻቸው ከትከሻቸው ናቸው። አናቶሚ ለሚያጠና ተማሪ ይህ ስሕተት ነው። ገድሉን ለሰማ ግን እያንዳንዱ አባል አንድ ምዕራፍ ነው።

እጅግ የሚገርመኝ ግን ጠልሰም ያለበት ክታብ ነው። ሰው ሲታመም ደብተራው በመጀመሪያ ቁመቱን ይለካል። የበግ ወይም የፍየል ብራና በጠባቡ ተቆርጦ፣ እየተሰፋ፣ በታማሚው ቁመት ልክ ይረዝማል፤ ጸሎቱ በውስጡ ይጻፋል፣ የታማሚው የክርስትና ስም በየቦታው በቀይ ቀለም ይገባል፣ በጸሎቶቹ መካከል ትላልቅ ዓይኖች፣ መላእክት ሰይፍ እንደያዙ፣ በመስቀል ቅርፅ የተጠላለፈ ሐረግ ይሣላል። ክታቡ ከራስ እስከ እግር ይጠብቃል፣ ርዝመቱ የባለቤቱ ርዝመት ነውና። በዚያ ብራና ላይ የታማሚው መልክ የለም፤ ግን ከየትኛውም የቁም ሥዕል ይበልጥ የእሱ ልክ ነው። ዓይኖቹም ታማሚው እንዲያያቸው ብቻ አልተሣሉም፤ ጋኔኑ አይቷቸው እንዲሸሽ ነው። ለማን ዓይን ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ አላውቅም።

አውሮፓ በ15ኛው መቶ ዘመን የመረጠው ሌላ ነው፤ ቆዳው ሥር ያለውን ማወቅ። ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ በ1490 ገደማ ክብና አራት ማዕዘን ውስጥ ያቆመው ሰው ዛሬ በየሐኪም ቤቱ ምልክት ሆኖ ይታያል፤ ግን ምን እንደሠራ የሚያስተውለው ጥቂት ነው። ሮማዊው ቪትሩቪዩስ እግር የቁመት አንድ ስድስተኛ ነው ብሎ ነበር፤ ሌዎናርዶ ለካና አንድ ሰባተኛ ብሎ አረመ። የክቡ ማዕከል እምብርት ነው፣ የአራት ማዕዘኑ ግን ከዚያ ዝቅ ይላል፤ ሁለቱን በአንድ ማዕከል ለማስገደድ አልሞከረም። አልብሬክት ዱረር ደግሞ አንድ ፍጹም ልክ ሲፈልግ ቆይቶ፣ በ1528 ከሞተ በኋላ በታተመው መጽሐፉ ወፍራሙንም ቀጭኑንም፣ የገበሬውንም ገላ በየልኩ አስቀመጠ። ከሁሉም አውሮፓዊ ሥራ ይህ መጽሐፍ ይበልጥ ይማርከኛል፤ አንድ ልክ የለም ብሎ ለማመን ድፍረት ይጠይቃል።

ይህ እውቀት ግን ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውን የከፈሉትም ሠዓሊዎቹ አይደሉም። ሌዎናርዶ በፍሎረንስ ሆስፒታል መቶ ዓመት ሞልቶኛል ያለውን ሽማግሌ አነጋግሮ፣ ሲሞት ሰውነቱን ከፈተው። ቬሳሊዩስ በ1543 ባዝል ላይ ያሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ቆዳቸው የተገፈፈ ሰዎችን በኮረብታማ አገር መካከል በክብር ያቆማል፤ በሽፋኑ ላይ ሆዷ ተከፍቶ የምትታየው ሴት ግን ከስቅላት ለመዳን አርግዣለሁ ያለች እስረኛ ነበረች። ሬምብራንት በ1632 የዶክተር ቱልፕን ትምህርት ሲሥል ጠረጴዛው ላይ ያለው አሪስ ኪንት በዝርፊያ የተሰቀለ ነው። ሐኪሞቹ ገንዘብ ከፍለው ተሥለዋል፤ ኪንት አልተጠየቀም። እንግሊዝ በ1832 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ዘመድ ያልወሰዳቸው የድሆች አስከሬኖች ለትምህርት ይሰጡ ጀመር። በየአካዳሚው ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ያማሩ የጡንቻ ሥዕሎች ሥር የድሃና የወንጀለኛ ገላ አለ። ይህ ጥበቡን አያረክሰውም፤ ጥበቡን ሲያወድሱ ስማቸውን መዝለል ግን ያረክሰዋል።

ዕርቃንም ራሱ ጠብ ነበር። ሚኬላንጄሎ በ1541 የፍርድ ቀንን በሲስቲን ጸሎት ቤት ሲጨርስ የዳኑትም የተኰነኑትም ራቁታቸውን ነበሩ፤ በ1565 ዳኒየሌ ዳ ቮልቴራ ጨርቅ እንዲሥልባቸው ታዘዘና «ሱሪ ሰፊው» የሚል ቅጽል ወጣለት። ማን ዕርቃን ማየት ይችላል የሚለው ግን ይበልጥ ጸንቶ ቆየ። የለንደኑ ሮያል አካዳሚ በ1768 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ሁለቱ፣ አንጀሊካ ካውፍማንና ሜሪ ሞዘር፣ ሴቶች ነበሩ። ዮሐን ዞፋኒ የአካዳሚውን አባላት በአንድነት ሲሥላቸው ወንዶቹ በወንድ ሞዴል ዙሪያ ተሰብስበዋል፤ ሁለቱ ሴቶች ግን በክፍሉ ውስጥ የሉም፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ሁለት የፊት ሥዕሎች ሆነዋል። ሴት ተማሪዎች በዚያ ትምህርት ቤት ከወገቡ የተሸፈነ ሞዴል እንዲሥሉ የተፈቀደላቸው በ1893 ነው። የገላን ልክ መማር የትልቅ ታሪካዊ ሥዕል መግቢያ በነበረበት ዘመን፣ «ከሴት ትልቅ ሠዓሊ አልወጣም» የሚለው ወሬ የተቆለፈውን በር አይናገርም።

ከሁሉም የሚከብደው የሣራ ባርትማን ነገር ነው። ይህች የኮይኮይ ሴት በ1810 ከደቡብ አፍሪካ ከኬፕ ወደ ለንደን ተወስዳ በገንዘብ ታየች፤ በ1815 ፓሪስ ላይ ሳይንቲስቶችና ሠዓሊዎች ራቁቷን አቁመው ሣሏት፤ መላ ገላዋን እንድትገልጥ ሲጠይቋት እምቢ ብላለች። በዚያው ዓመት ስትሞት ሳይንቲስቱ ኩቪየ ቅርጿን በኖራ ቀርፆ ሰውነቷን ከፈተ። ሥዕሏ ስለ አጥቢ እንስሳት በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። የኖራ ቅርጿና አጥንቷ እስከ 1970ዎቹ ድረስ በሙዚየም ለሕዝብ ይታይ ነበር፤ ያረፈችው በ2002 ተመልሳ በአገሯ ስትቀበር ነው። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ መስመሩ ትክክል ነው፣ ልኩም ትክክል ነው። ትክክል መሆኑ ብቻውን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያሳያሉ።

በተቃራኒው የሄደ ሰው አለ። ሄንሪ ቶንክስ ሐኪም ሆኖ ጀምሮ በለንደኑ ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በ1916 በአልደርሾት ወታደራዊ ሆስፒታል፣ የፊት ቀዶ ሕክምናን ያዳብር ከነበረው ከሃሮልድ ጊሊስ ጋር ተሰልፎ፣ መንጋጋቸው ወይም አፍንጫቸው በጥይት የሄደ ወታደሮችን በፓስቴል ሣለ። ቁስሉን ሳይቀንስ፣ ሳይጨምር ሣለው፤ ዓይናቸውን ግን እንዳለ ተወው። ከቁስሉ በላይ ያሉት ዓይኖች ያዩሃል። ቶንክስ እነዚህ ሥዕሎች ለሕዝብ ዓይን እንዲወጡ አልወደደም። የአናቶሚ እውቀት ከገላው ባለቤት ክብር ጋር ሲገጥም የማውቀው እጅግ ጥሩ ምሳሌ ይህ ነው።

ከዚያ በፊት ፓሪስ ላይ ሌላ ነገር ተጀምሮ ነበር። ፒካሶ በ1907 በትሮካዴሮ ሙዚየም የአፍሪካ ጭምብሎችን አይቶ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በሠራው «የአቪኞን ሴቶች» በተባለ ሥዕል ውስጥ ከአምስቱ በቀኝ ያሉት ሁለቱ ፊታቸው ጭምብል ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ፍሮቤኒዩስ ኢፌ ላይ ነበር። ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። አውሮፓዊው ሠዓሊ ተፈጥሮን መቅዳት ሰልችቶት ከአፍሪካ የተለየ ገላ ሲወስድ እመርታ ተባለ፤ አፍሪካዊው ቀራፂ ተፈጥሮን አስመስሎ ሲሠራ ግሪክ መሆን አለበት ተባለ። አንዱ መቼም አልተሳሳተም፣ ሌላው መቼም አልሠራም። የመግቢያችን ፍርድም የዚህ ሚዛን ውላጅ ነው።

በአዲስ አበባ አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው መጥተው በ1950ዎቹ መጨረሻ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲያቋቁሙ ሕያው ሞዴል መሣል የትምህርቱ ክፍል ሆነ። አፈወርቅ ተክሌ ቶንክስ ባስተማረበት በዚያው በስሌድ ተምሮ መጥቶ፣ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር በሚያህል ባለቀለም መስታወት የአፍሪካን ያለፈ፣ ያለና የሚመጣ ዘመን በሰው አካል አቆመ። እስክንድር ቦጎስያን በሌላ መንገድ ሄዶ የክታቡን ዓይኖች ወደ ሸራ አመጣቸው፤ ሰውዬው ሳይኖር ዓይኑ ብቻ የሚያይበትን ዓለም። በደርግ ዘመን ደግሞ የተፈለገው ገላ አንድ ዓይነት ነበር፤ በ1984 በሰሜን ኮሪያውያን ድጋፍ በቆመው የትግላችን ሐውልት ላይ ያሉት ሠራተኞችና ገበሬዎች ከፒዮንግያንግ ጓዶቻቸው ብዙም አይለዩም፤ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ እንግዳ የሆነው የኢትዮጵያ ገላ እሱ ነው።

ዛሬ ካሉት መካከል ታደሰ መስፍን ላይ መቆም እፈልጋለሁ። ሌኒንግራድ የተማረ፣ ለብዙ ዓመታት በአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነው፤ አጥንትና ጡንቻ ሊሠራ እንደሚችል ማንም አይጠራጠርም። «የሕይወት ምሰሶዎች» በሚለው ተከታታይ ሥራው የሚሥላቸው ጉሊት የሚቸረችሩ ሴቶችን ነው። መሬት ላይ ተቀምጠው በየዕለቱ ቁልቁል የምናያቸውን ሴቶች ያቆማቸዋል፤ ገላቸው ይረዝማል፣ ራሳቸው ከትከሻቸው አንፃር ያንሳል፣ ፊት ለፊት ወይም ሰልፍ ይዘው ሸራውን ከላይ እስከ ታች ይሞሉታል። ርቀት የለም፤ የኋላው የሰፈሩ ቀለም ብቻ ነው። ከፍሬ ጽዮን የወረሰው ነገር እንዳለ አልጠራጠርም። የሚያከራክረኝ ግን ፊቶቹ መመሳሰላቸው ነው። እያንዳንዷ ራሷን የቻለች አንዲት ሴት ሳትሆን የሁሉም ምሳሌ ናት። ለቅዱሳን ይህ ይገባል፤ ሽንኩርት ሸጣ ልጅ የምታስተምር ሴት ግን ስምና የራሷ አፍንጫ አላት። በ1863 ማኔ ኦሊምፒያን ሲሥል አበባ ይዛ የቆመችው ጥቁር ሴት ሎር እንደምትባል ሙዚየሞች በመግለጫቸው ላይ በጉልህ መጻፍ የጀመሩት በቅርብ ዓመታት ነው። የታደሰ ሴቶች ቁመት ተሰጥቷቸዋል፣ ፊት ለፊት መቆምም ተሰጥቷቸዋል፤ ስማቸውን የሚሥልላቸው ሠዓሊ ግን ገና አልመጣም፤ ከተማሪዎቹ አንዱ ወይም አንዷ ይሆናሉ ብዬ እጠብቃለሁ።